ከፊልሙ በፊት የሚያገሳው

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከግራ አንድ የብርሃን ጭረት ሾልኮ ይገባል፤ ከቀኝ ሌላው ይከተለዋል። ሁለቱ መሀል ላይ ሲላተሙ ወርቃማ ብናኝ ይበተናል፤ ከብናኙ ውስጥ ግዙፍ የላቲን ፊደላት እየተሽከረከሩ ወጥተው ይሰለፋሉ። የመጨረሻው ፊደል ቦታውን ሲይዝ ስፒከሩን የሚያንቀጠቅጥ «ድምም» ይሰማል። የፕሮዳክሽኑ ስም ነው። ተመልካቹ «በቃ ጀመረ» ሲል የአቅራቢው ምልክት በተራው መሽከርከር ይጀምራል፤ ቀጥሎ የአከፋፋዩ፣ ቀጥሎ የዩቲዩብ ቻናሉ። ደቂቃው እየሄደ ነው፤ እስካሁን ግን አንድ ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዛፍ አልታየም።

ይህን ለማየት አዲስ አበባ ሄዶ ሲኒማ መግባት አያስፈልግም። ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባሉ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ፎቶ ቤትም፣ የአዝማሪ ክሊፕ የሚያዘጋጅ ወጣትም፣ በስልኩ አጭር ድራማ ሠርቶ የሚለቅ ጎረምሳም ሥራውን የሚከፍተው በዚሁ ነው። «ኢንትሮ» ይሉታል። ሚዜዎቹ ገና ከሙሽራዋ ደጅ ቆመው እየዘፈኑ ነው፤ የቀራጩ ስም ግን በእሳትና በጭስ ታጅቦ ቀድሟቸው ገብቷል።

ነገሩ ከአሥር ሰከንድ እምብዛም ስለማያልፍ ስለ ፊልም የሚጽፉ ሰዎች ሳያነሱት ያልፋሉ። እኔ ግን የፊልም ሥራችን በምን ላይ እንደቆመ የዚህን ያህል የሚያጋልጥ ሌላ አሥር ሰከንድ የለም ባይ ነኝ። የተለመደው ወቀሳ «አኒሜሽን አንችልም» ወይም «ከፈረንጅ ቀዳን» የሚል ነው። ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስታሉ። ችሎታውስ አለ፤ መቅዳትም በራሱ ሰውን አልገደለም። አንድን ሥዕል የኩባንያ ምልክት የሚያደርገው ከበስተኋላው የሚመጣው ሥራ ነው። ሥራው ከተደጋገመ ሥዕሉ ቀስ በቀስ ትርጉም ያጠራቅማል፤ ካልተደጋገመ ግን የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከእኛ ፊልም ቤቶች ብዙዎቹ ደግሞ ሁለተኛ ፊልም ሳያዩ ይበተናሉ።

ታዋቂውን አንበሳ እንውሰድ። ጎልድዊን ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ አንበሳን ምልክቱ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በ1924 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ሲሆን አንበሳውም አብሮ ገባ፤ ግሳቱ ከስክሪን የተሰማው በ1928 ነበር። ከዚያ ወዲህ አንበሶቹ ተቀያይረዋል፤ በ2021 ደግሞ በኮምፒዩተር የተሠራው ተተክቷል። አቀማመጡና ግሳቱ ግን ያው ነው። አሜሪካዊ ተመልካች ግሳቱን ሲሰማ ወንበሩ ላይ የሚመቻቸው አንበሳው ስለሚያስፈራው አይደለም። ከግሳቱ በኋላ የሚመጣውን ዓይነት ፊልም አያቱም አባቱም አይተውታል።

የፓራማውንት ተራራም እንዲሁ ነው። የኩባንያው መሥራች ዊልያም ሆድኪንሰን ከሚያውቃቸው የዩታ ተራሮች አንዱን ትዝ እያለው ወረቀት ላይ እንደሞነጨረው ይነገራል። የአንድ ገጠር አካባቢ ተራራ ነበር፤ ዛሬ ተራራውን ያላየ የፊልም ተመልካች የለም። ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን ምልክታቸውን ከገዛ ፊልማቸው የወሰዱት ናቸው። የራጅ ካፑር አር ኬ ፊልምስ ምልክት፣ በአንድ እጁ ቫዮሊን የያዘና በሌላው ሴት የደገፈ ወንድ፣ የተገኘው «ባርሳት» ከተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ከወጣው ፊልማቸው ነው። ፊልሙ ተወደደ፤ ከዚያ ሥዕሉ የቤቱ ማኅተም ሆነ። የፒክሳር ዘላይ መብራትም በ1986 በአንድ አጭር ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ከሠራች በኋላ ነው በ1995 በ«ቶይ ስቶሪ» መክፈቻ ላይ የኩባንያው ምልክት ሆና የቀረበችው። መጀመሪያ ሥራ፣ ቀጥሎ ምልክት።

የእኛም ተመልካች ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ ሲያየው ነው ያደገው። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም ሲነግሥ የአር ኬውን ቫዮሊን ያየ ብዙ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት በመጡት ፊልሞች መግቢያ ላይ የሞስፊልም ሠራተኛና ገበሬ ሴት መዶሻና ማጭድ ከፍ አድርገው ይታያሉ። ቪዲዮ ቤት በየወረዳው ሲስፋፋ ደግሞ የሆንግ ኮንጉ ጎልደን ሃርቨስት ወርቃማ ጡቦች እየተላተሙ ሲገጣጠሙ አግዳሚ ወንበር ላይ የተጨናነቀው ልጅ ሁሉ ያፏጫል፤ ካራቴ ሊመጣ ነውና። እንግሊዝኛውን የሚያነብ ላይኖር ይችላል። ምልክቱን ግን ሁሉም ያነበዋል።

አገር ውስጥስ? የኢትዮጵያን ስክሪን ለረጅም ጊዜ የከፈተው ትልቁ ምልክት በእኔ ግምት የአባባ ተስፋዬ ሰላምታ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆችን ጊዜ ሲከፍቱ የወርቅ ፊደል አልተሽከረከረም፤ ነጎድጓድም አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ፈገግ ብለው ልጆችን ጤና ይስጥልኝ ይላሉ፤ በቃ። ቤት ውስጥ የሚሯሯጠው ልጅ ድምፁን ሰምቶ ይሰበሰባል። ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ቢጫዋን ቀጭኔ ለሌላ ትውልድ እንዲሁ አድርጎ አስለመዳት። ሁለቱም የተሳካላቸው ለሕፃናት ስለሠሩ ይመስለን ይሆናል። ምክንያቱ ግን አለመቋረጣቸው ነው።

የአማርኛ ፊልም ታሪክ ከዚህ የተለየ መንገድ ሄደ። «ሂሩት አባቷ ማነው» ከታየበት ከ1957 ዓ.ም. እስከ ደርግ መውደቂያ የተሠሩት ረጃጅም ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መንግሥት የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቁሞ ነበር፤ እሱም በኋላ ፈረሰ። በ1990ዎቹ ዲጂታል ካሜራ ሲረክስ፣ ከቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በየሲኒማ ቤቱ በር ሰልፍ ታየ፤ ነጋዴውም ገንዘቡን ይዞ መጣ። ይህ ገንዘብ ግን ለፊልም ቤት አልዋለም፤ ለአንድ ፊልም ነበር። ባለገንዘቡ ስም ያወጣል፣ ንግድ ፈቃድ ያወጣል፣ ኤዲተሩን «ለድርጅቴ አሪፍ ኢንትሮ ሥራልኝ» ይለዋል። ፊልሙ ይወጣል። ካተረፈ ገንዘቡ ወደ ሕንጻ ወይም ወደ መኪና ይሄዳል፤ ከከሰረም ባለገንዘቡ ከፊልም ጋር ይለያያል። ምልክቱ አንዴ አግስቶ ሞተ ማለት ነው።

ይህ አካሄድ ምልክቱ ለምን እንደዚያ እንደሚጮህም ይነግረናል። የሚታወቅ ሰው ስሙን በዝግታ ይናገራል፤ የማይታወቀው ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት። አንድም ፊልም የሌለው ኩባንያ ትልቅ መስሎ ለመታየት ያለው መንገድ የትልቆቹን ልብስ መዋስ ነው፤ ልብሱም በርካሽ ይገኛል። አፍተር ኢፌክት የሚባለውን ፕሮግራም የሚነካ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ለኢንትሮ የተዘጋጀ ቴምፕሌት በኢንተርኔት በገፍ ይሸጣል፤ ሳይገዛ በፍላሽ የሚዞረው ደግሞ ይብሳል። ፋይሉ ሲከፈት «ስምህን እዚህ አስገባ» የሚል ሳጥን አለው። ስሙን ጽፎ ሬንደር ማድረግ ነው፤ ብርሃኑ፣ ብናኙ፣ «ድምም»ታው ተሠርቶ ያደረ ነው። ስለዚህ የቢቸናው ሠርግ ቀራጭ፣ የሌጎሱ ፊልም ሠሪና የዳካው ዩቲዩበር ስማቸው ተለያይቶ መክፈቻቸው አንድ ይሆናል።

ከዚህ ላይ የፊደል ጣጣ ይጨመራል፤ ትንሽ ልቆይበት፤ በቅርብ ሲያዩት ነው የሚገባው። ቴምፕሌቱ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ በወርቅ ቢገረፍ የማይጎዳ። «ቢቸና» ብለን እንጻፍበት። የ«ቢ» ሦስተኛነት ያለው በቀኝ እግሯ ግርጌ ባለች ቅጥያ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ፊደሉን አወፍሮ ጠርዙን ሲያንጸባርቅ ቅጥያዋ ከእግሩ ጋር ትጣበቅና ቀለበት ትመስላለች፤ ስሙም «ቤቸና» ሆኖ ቁጭ ይላል። የ«ቸ» የአናት መስመር በነጸብራቁ ይዋጣል፤ «ተ» ይመስላል። «ሞጣ»ም በ«ሞ»ና በ«ጣ» ላይ ያሉት ጥቃቅን ልዩነቶች ሲሽከረከር ይጠፋሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ የተባለው ቅርጸ ፊደል ከዊንዶውስ ጋር መምጣት የጀመረው ደግሞ በ2007 ቪስታ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲህም ለአርእስት የሚሆኑ፣ ወፍረው የማይደፈኑ ቅርጸ ፊደላት እንደ ልብ አይገኙም። በድሮው የፓወር ግዕዝ አሠራር የተጻፈውን ወደ ቪዲዮ ፕሮግራም ሲያመጡት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ደንበኛ ደጅ የቆመበት ኤዲተር ከዚህ ጋር አይታገልም፤ በእንግሊዝኛ ይጽፈውና ይገላገላል። የእንግሊዝኛውን መብዛት ሁሉ በፈረንጅ አምላኪነት የሚተረጉሙ ሰዎች ይህንን ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር።

የሚገርመው መክፈቻን አስጊጦ ባለሙያን ማሳወቅ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ቢቸና ዙሪያ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ወዲያ ደብረ ወርቅ፣ ከዚያም መርጡለ ማርያም፤ ሁሉም ጥንታውያን ገዳማት ናቸው። የብራና መጽሐፍ አዲስ ክፍል ሲጀምር ከገጹ አናት ላይ ሐረግ ይጣላል፤ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ የተሞላ ጌጥ። አንባቢው ዓይኑ ሐረጉ ላይ ሲያርፍ አዲስ ነገር ሊጀመር እንደሆነ ያውቃል። የሐረግ አጣጣል በየዘመኑ ስለሚለያይም የብራና ተመራማሪዎች መጽሐፉ የተጻፈበትን ዘመን ለመገመት ይጠቀሙበታል። ጸሐፊው ሐረጉን ከመምህሩ ቀድቷል፤ ቀድቶም እድሜ ልኩን ሲደጋግመው ነው እጁ የታወቀው። ለዚህ ነው መቅዳት በራሱ ሰውን አልገደለም ያልሁት።

የፈረስ ስምም ከዚሁ ወገን ነው። የቢቸናን ስም ከአርበኝነት ጋር ያስተሳሰሩት በላይ ዘለቀ «አባ ኮስትር» ሲባሉ ስሙ ብቻውን ጦር ያስነሳ ነበር። ስሙን ያስፈራው ግን የአምስቱ ዓመት ውጊያ ነው።

ከእኛ ፊልም ቤቶች ስም አወጣጥ ያወቁበት አሉ። ኃይሌ ገሪማ ኩባንያውን «ነጎድጓድ» ብሎታል፤ ቴዎድሮስ ተሾመ ሲኒማውንና ድርጅቱን «ሴባስቶፖል»። ሁለቱም ስሞች ሥዕልና ድምፅ በውስጣቸው ይዘዋል። ሴባስቶፖል ከሞጣ ተሻግሮ፣ ከአባይ ወዲያ ማዶ ባለው በደብረ ታቦሩ ጋፋት የተቀለጠ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ነው፤ ሰው እየጎተተው እስከ መቅደላ ሄዷል። ቴምፕሌት የሚፈልግ ስም አይደለም።

ስለ ድምፅ ካነሳን፣ እኔ ለዚህ አገር ከሥዕል ይልቅ ድምፅ ይቀርበዋል ባይ ነኝ። ጎጃም ቴሌቪዥን ሳይገባው በፊት ለአሥርት ዓመታት ሬዲዮ አድምጧል። የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ድምፅ በአጭር ሞገድ ከመጀመራቸው በፊት የሚደጋግሟትን ዜማ ሰምቶ ጣቢያውን የሚለይ ገበሬ ሞልቶ ነበር፤ የጀርመኗ ከቤትሆቨን ኦፔራ የተወሰደች መሆኗን ግን ማንም አልነገረውም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ የጎጃምን ባላባት፣ ቆሎ ተማሪና ጭሰኛ ያሳየው ልቦለድ፣ ወደ ብዙው ሕዝብ የገባው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ አድማጭ ላለው ፊልም ሠሪ ከአሜሪካ የተቀዳ «ድምም» ምን ያደርግለታል? ነሐሴ ላይ ለቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ አንዲት ሰከንድ አይሞላም፤ ይሰነጥቃል፣ ያስተጋባል፣ ያበቃል። የሞጣ ልጅ ዱባይ ተቀምጦ በስልኩ ቢሰማው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሎጎ ማንበብ አያስፈልገውም።

ሥዕልም ቢሆን አልጠፋም። ከሞጣ ወደ እስቴ በሚያሻግረው መንገድ አባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ፈርሶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት መንገደኛው ገመድ ይዞ፣ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት፣ ከሥሩ ወንዙ እያጓራ ይሻገር ነበር። በአንድ የውጭ መጽሔት የወጣ የዚህ ትርኢት ፎቶ ኬን ፍራንዝ የተባለውን አሜሪካዊ አስነስቶ በገጠር ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አስመሠረተው፤ ሰባራው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፣ ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አንድ ፎቶ ይህን ካደረገ፣ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለው ሰው በሦስት ሰከንድ አኒሜሽን ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እንቅስቃሴው ራሱ ውስጡ አለ፤ ከአንዱ ዳር ተነስቶ በሰው ክንድ ወደ ሌላው ዳር መድረስ።

ይህን ስል ሁሉም ተነስቶ ሰባራ ድልድይን፣ ጮቄ ተራራን ወይም መሰንቆን ይለጥፍ ማለቴ አይደለም። ያንንም አይተነዋል፤ የላሊበላና የጢስ አባይ ፎቶ በወርቅ ፍሬም ውስጥ ሲሽከረከር። የአገር ሥዕል ስለሆነ ብቻ ምልክት አይሆንም፤ ሥራ የሌለው አንበሳም ሥራ የሌለው ጮቄም እኩል ባዶ ናቸው።

በነዚህ ከተሞች ያለው ነባራዊ ሁኔታ ደግሞ ለምልክቱ ሌላ ሥራ ሰጥቶታል፤ ከዚህ ሁሉ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ፊልም ሲኒማ ቤት ሳይሆን ሞባይል ቤት ነው የሚገኘው፤ ሰው ሜሞሪውን ይዞ ሄዶ ያስጭናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሳና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ሥራው ሁሉ ወደዚሁ ከእጅ ወደ እጅ መሸጋገር ተመለሰ። እንዲህ የሚዞር ፋይል ላይ ሠሪው ማን እንደሆነ የሚናገር ፖስተር የለም፣ ማስታወቂያም የለም፤ ያለው መክፈቻው ብቻ ነው። እሱም መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው። ረጅም ከሆነ ጫኙ «ቦታ ይይዛል» ብሎ ይቆርጠዋል፤ ተመልካቹም በጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል። ቀልጣፋዎቹ ይህን ስላወቁ ስማቸውን በምስሉ ጥግ ላይ እስከ መጨረሻው በትንሹ ያኖራሉ። ትላልቆቹም ቢሆኑ አሳጥረዋል፤ ኔትፍሊክስ ሁለት ምት ብቻ መትቶ ይጀምራል። የተመልካቹ ጣት ስክሪኑ ላይ እንደሆነ ያውቃላ።

ሕጉም ለቴምፕሌት አያደላም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክትን የሚጠብቀው የአንዱን ሥራ ወይም አገልግሎት ከሌላው መለየት ሲችል ነው። ሺህ ሰው በሚጠቀምበት የወርቅ ብናኝ «የእኔ ነው» ብሎ መሟገት አይቻልም። አዋጁ የሚታይ ምልክትን እንጂ ድምፅን አይመዘግብም፤ ስለዚህ ያ ያመሰገንሁት ጅራፍ ቢቀዳበት ባለቤቱ በዚህ አዋጅ ክስ አያቆምም። ይህ መስተካከል ያለበት ጉድለት ይመስለኛል፤ ሬዲዮ ያሳደገው ሕዝብ ድምፁንም ማስመዝገብ መቻል ነበረበት።

እስከዚያው ግን የቢቸናና የሞጣ ቀራጮች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኢንትሮውን ወደ ሦስት ሰከንድ አውርዱት። የከተማችሁን ስምና ሥራው የተቀረጸበትን ዓመት በማይደፈን ፊደል ጻፉበት፤ የሠርግ ቪዲዮም ቢሆን፣ በተለይ የሠርግ ቪዲዮ ከሆነ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የአካባቢው ታሪክ እሱ ነውና። ከዚያ ሌላ የሚያምር ቴምፕሌት በመጣ ቁጥር አትቀይሩት፤ በአንዱ ብዙ ሥሩ። ሰው ገና ሳያነበው የእናንተ መሆኑን ሲያውቅ ሄዳችሁ አስመዝግቡት። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፤ እየታደሰም ይቀጥላል።